ቫይቫክስ ወባና የዳፊ ደም፦ «ከኢትዮጵያ በስተቀር» የተባለለት ደንብ

ለብዙ ዓመታት የሕክምና መጻሕፍት ስለ ቫይቫክስ ወባ ሲያስተምሩ አፍሪካን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፏት ነበር። ከሰሃራ በታች የሚኖረው አብዛኛው ሕዝብ ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ የለውም፤ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ተውሳክ ወደ ሕዋሱ የሚገባው ደግሞ በዚሁ ፕሮቲን አማካይነት ነው፤ ስለዚህ ቫይቫክስ በዚያ አካባቢ የለም ማለት ይቻላል። አባባሉ ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። የሚያስቸግረው መጨረሻው ላይ ጣል የሚደረገው «ከኢትዮጵያ በስተቀር» የሚለው ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለበት አገር «በስተቀር» ተብሎ ከታለፈ ደንቡ ራሱ የዘለለው ነገር አለ ማለት ነው። የተዘለለውን ለማየት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ የወባ ታማሚ ሲመረመር ከሦስት አንዱ ገደማ የሚገኝበት ቫይቫክስ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው የወባ ተውሳክ ነው። መጠኑ ከዓመት ዓመትና ከወረዳ ወረዳ ቢለዋወጥም ሁለቱ ጎን ለጎን መኖራቸው ለላቦራቶሪ ባለሙያው የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በጊምሳ በተቀለመ ስላይድ ላይ ፋልሲፓረም ቀጭን ትንሽ ቀለበት ሆኖ ይታያል፤ የያዘው ሕዋስም መጠኑን አይለውጥም። ቫይቫክስ የገባበት ሕዋስ ግን ከጎረቤቶቹ ይተልቃል፤ ውስጡ ደቃቅ ሮዝማ ነጠብጣብ ይታይበታል፤ ተውሳኩም የተወሰነ ቅርጽ ሳይኖረው ተንሰራፍቶ ይገኛል። ይህን መለየት የሚያስፈልገው ለመድኃኒቱ ነው። ፋልሲፓረም ለተገኘበት በተለምዶ ኮአርተም ይታዘዝለታል። ቫይቫክስ ለተገኘበት ክሎሮኪን ይሰጠውና ጉበቱ ውስጥ ተኝቶ የሚቀረውን ተውሳክ የሚያጠፋ ፕሪማኪን ለ14 ቀናት እንዲውጥ ይነገረዋል። ሦስት ቀን ውጦ ሲሻለው የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አዲስ ትንኝ ሳትነድፈው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያው ንዳድ ተመልሶ ይነሳበታል።

ደንቡ እንዴት ተገኘ

መነሻው ዛሬ ሲሰሙት የሚዘገንን ሕክምና ነው። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ቂጥኝ አንጎላቸውን ያጠቃቸው ሰዎች ሆን ተብሎ ወባ እንዲይዛቸው ይደረግ ነበር፤ የሚታሰበው ከፍተኛው ትኩሳት የቂጥኙን ባክቴሪያ ይገድላል ተብሎ ነው። ኦስትሪያዊው ሐኪም ዩሊዩስ ዋግነር ያውሬግ በ1927 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው። ለዚህ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከፋልሲፓረም ይልቅ ገዳይነቱ አነስተኛ የሆነው ቫይቫክስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሐኪሞች ታዲያ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ተውሳኩ በብዙ ጥቁር ታማሚዎች ላይ አልይዝ ይላል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

በ1950 እንግሊዝ ውስጥ ደም በተደጋጋሚ ይሰጠው በነበረ አንድ የሄሞፊሊያ (ደም ያለመርጋት በሽታ) ታማሚ ምክንያት አዲስ የደም መለያ ተገኘና በታማሚው ስም ዳፊ ተባለ። በ1955 ደግሞ ዳፊ ካሉት ሁለት ዓይነቶች አንዱም የሌለበት ደም በኒው ዮርክ ጥቁሮች ዘንድ የተለመደ መሆኑ ታወቀ። የደም ባንኩን ወሬና የወባ ሐኪሞቹን ወሬ አንድ ላይ ያደረገ ሰው ለመገኘት 20 ዓመት ፈጅቷል። ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በ1975 ኖውሌሲ የሚባለውን የዝንጀሮ ወባ ተውሳክ ዳፊ ከሌለው የሰው ቀይ ሕዋስ ጋር አገናኙት። ተውሳኩ ሕዋሱ ላይ ይለጠፋል፣ ወደ ውስጥ መግባት ግን አይሆንለትም። በዝንጀሮው ተውሳክ የሞከሩት ቫይቫክስ በላቦራቶሪ ማሰሮ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አልረባ ስለሚል ነው፤ ይህ ችግር እስከ ዛሬ አልተፈታም።

በቀጣዩ ዓመት ቫይቫክስ በያዙ ትንኞች የተነደፉ 17 ፈቃደኞች ደማቸው ተመረመረ፤ 11 ጥቁሮችና 6 ነጮች። በደማቸው ውስጥ ተውሳኩ ያልታየው አምስቱ ብቻ ነበሩ። አምስቱም ጥቁሮች፣ አምስቱም ዳፊ አልባ ነበሩ።

ከዚህ ውጤት ዓለም ያስታወሰው ግማሹን ነው። የጥናቱ ርዕስ ራሱ ስለ «ጥቁሮች» የመቋቋም ምክንያት የሚናገር ስለነበር ቫይቫክስ አፍሪካዊን አይዝም የሚለው አባባል ከዚያ ተነስቶ ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገባ። የቀሩት ስድስት ጥቁሮች ግን ዳፊ ነበራቸው፤ እንደ ነጮቹም ተያዙ። በቁጥር ካየነው እንዲያውም ከተያዙት ጥቁሮች ያልተያዙት ያንሳሉ። የቆዳ ቀለም ምንም እንደማይወስን የሚያሳየው ማስረጃ እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ተቀምጦ ነበር።

አንዲት ፊደል

ዳፊ አልባ ደም እንዴት እንደሚፈጠር በ1995 ሲታወቅ ነገሩ ከተጠበቀው በላይ የረቀቀ ሆኖ ተገኘ። የዳፊ ዘረ መል አልጠፋም፤ አልተበላሸምም። የተለወጠችው ዘረ መሉ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብላ የምትገኝ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ናት፤ ቲ የነበረው ሲ ሆኗል። በዚያች ቦታ ላይ ጋታ-1 የሚባል ፕሮቲን ያርፍና በመቅኒ ውስጥ ቀይ ሕዋስ እየተሠራ ሳለ ዘረ መሉን ያስነሳዋል። ፊደሏ ስትለወጥ ጋታ-1 የሚያርፍበት ያጣል፤ ቀይ ሕዋሱም ያለ ዳፊ ይወጣል። በሌላው የሰውነት ክፍል ግን ዘረ መሉ የሚነሳው በሌላ መንገድ ስለሆነ በደም ሥር ግድግዳ፣ በኩላሊትና በአንጎል ውስጥ ዳፊ እንዳለ ነው። የቤቱ መብራት ሁሉ እየበራ የአንዱን ክፍል ማብሪያ ብቻ ነቅሎ እንደ ማውጣት ነው። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ዳፊ ለተውሳኩ ተብሎ የተፈጠረ ፕሮቲን አይደለምና። በ1993 እንደታወቀው ሥራው ሕዋሳት በብግነት ጊዜ የሚጠራሩባቸውን ኬሚካሎች መያዝ ነው፤ ከመላው ሰውነት ቢጠፋ ኖሮ ዋጋው ሳይከብድ አይቀርም ነበር።

አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ዳፊ አልባ የሚሆነው ለውጡን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ እንዲህ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ እንዴት ተደረሰ ለሚለው በ2017 የወጣ የዘረ መል ትንተና ግምት ሰጥቷል። ለውጡ ከ42,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሺህ አንድ በሚሆን መጠን በሕዝቡ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ የያዘው ሰው በየትውልዱ ከሌላው በ4 በመቶ ገደማ የተሻለ የመውለድና ልጅ የማሳደግ ዕድል እያገኘ ተስፋፋ። 4 በመቶ ትንሽ ይመስላል። በሰው ልጅ ዘረ መል ታሪክ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ብርቱ ግፊት የታየባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን ሲያዩ ግራ ይጋባሉ፤ ቫይቫክስ «ቀላሉ ወባ» እየተባለ ሲነገርለት ኖሯልና። በእኔ አስተያየት ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። ሕፃንን በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለሰ ደም የሚያሳንስ፣ ነፍሰ ጡር ስትያዝ የልጁን ክብደት የሚቀንስ በሽታ በሺህ ዓመታት ውስጥ የሚሠራውን ለመሥራት በአንድ ሌሊት መግደል አያስፈልገውም።

ቫይቫክስ ዛሬ በእስያና በላቲን አሜሪካ የተስፋፋ በሽታ ቢሆንም ትውልዱ አፍሪካዊ ሳይሆን አይቀርም። በ2014 የታተመ ጥናት በመካከለኛው አፍሪካ ጫካዎች የሚኖሩ ቺምፓንዚዎችና ጎሪላዎች የቅርብ ዘመዱ የሆነ ተውሳክ እንደሚይዛቸው አሳይቷል። ሰዎቹ ተለወጡ፣ ተውሳኩም ከመካከላቸው ተነቅሎ ወጣ የሚለው ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ያቺው ፊደል በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ከአፍሪካ ጋር በማይገናኝ ሌላ የዘር ሐረግ ላይ፣ ራሷን ችላ ተለውጣ በ1999 ተገኝታለች። በኬፕ ቨርድ ደግሞ ነገሩ ከሞላ ጎደል በታሪክ ዘመን ሲካሄድ ይታያል። ደሴቶቹ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎችና ከምዕራብ አፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች እስኪሰፍሩባቸው ድረስ ሰው አልነበረባቸውም። ወባ ደጋግሞ በመታት በሳንቲያጎ ደሴት ዳፊ አልባው ዘረ መል ከሌላው አፍሪካዊ ውርስ ተለይቶ ከሚጠበቀው በላይ በዝቶ ተገኝቷል፤ ሃያ በሚያህል ትውልድ ብቻ።

ደጋና ቆላ

ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። እዚህ ያለው ሕዝብ ከደም አንጻር አንድ ወጥ አይደለም። የደጋው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በቀይ ባሕር ማዶ ካሉት ጋር ተዋልዷል፤ የዘረ መል ጥናቶች ከፍተኛውን መቀላቀል ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ያደርጉታል። ከዚያ የመጣው ዘረ መል ዳፊ ያለው ነው። በደጋው ላይ ደግሞ ወባ ስለሌለ ዳፊ ያለውን የሚቀጣ ነገር አልነበረም። በምዕራቡ ቆላ የሚኖሩት ናይሎቲክ ሕዝቦች ግን ከወባ ጋር ሳይለያዩ ኖረዋል።

ይህን ልዩነት በመስክ የለካ ጥናት ከረጅም ጊዜ በፊት ተሠርቷል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1981 የታተሙ ጽሑፎች በኢትዮጵያ ውስጥ የተለያዩ ማኅበረሰቦችን የዳፊ ዓይነትና የቫይቫክስ መጠን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ዳፊ አልባ በሚበዛበት ቆላ ቫይቫክስ ብርቅ ሆኖ ተገኘ፤ ዳፊ ያለው በሚበዛበት ደግሞ የተለመደ በሽታ ነበር። በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ የጤና ሥርዓት ሥር፣ ደንቡም ከደንቡ ውጪ ያለውም ተገኘ ማለት ነው። ይህ ጥናት ከኒው ዮርኩና ከፈቃደኞቹ ሙከራ እኩል መነሳት ሲገባው እምብዛም አይነሳም።

የደጋው ሕዝብ ከወባ ጋር የተላመደበት መንገድ በደሙ ሳይሆን በአኗኗሩ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ቅዝቃዜው ተውሳኩ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ እንዲጨርስ ጊዜ አይሰጠውም። ሰፈሩ፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከፍታ ላይ ነው። ለእርሻ ወይም ለንግድ ቆላ የወረደ ሰው ሥራውን ጨርሶ ወደ ደጋው መመለስን ይመርጣል። ይህ በትውልድ ልምድ የተገኘ ጥበብ ነው፤ የሚሠራው ግን ሰውም አየሩም ባሉበት እስከጸኑ ድረስ ነው። በ1958 ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በዛና ወረርሽኙ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጣ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሞተ። አብዛኛው ጥፋት የፋልሲፓረም ነበር። ዕድሜ ልኩን ወባ ያልነካው ሰው ሰውነቱ ከተውሳኩ ጋር ትውውቅ ስለሌለው አዋቂውም እንደ ሕፃን ተሸነፈ።

ከዚያ በ1984 የጀመረው ሰፈራ መጣ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ፣ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተወሰደ። ወባ ሰፋሪውን እንዴት እንደፈጀው ያየ ሁሉ የሚያወራው ነው። ስለዚያ ዘመን ሲጻፍ ግን ሌላው ገጽታ አይታሰብም። ዳፊ ያለው ሕዝብ በብዛት ወርዶ ዳፊ አልባው በሚበዛበት ሕዝብ አጠገብ ሰፈረ። በአንድ መንደር፣ በአንድ ወንዝ ዳር፣ በአንድ የትንኝ መንጋ መካከል ቫይቫክስ በቀላሉ የሚራባበት ሰውና የማይገባበት ሰው ጎረቤት ሆኑ፤ በጋብቻም ተሳሰሩ። ይህ ለተውሳኩ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ የሚመገበው ስለማያገኝ ይጠፋል። እዚህ ግን በጎረቤት ቤት እየተመገበ ወደ ተከለከለው ሰው ደም በየሌሊቱ በትንኝ ይላካል። አንድ ጊዜ ቢሳካለት ይበቃዋል።

ተውሳኩም አልተኛም

ተሳክቶለታል። በ2006 ከምዕራብ ኬንያ፣ በ2010 ከማዳጋስካር የወጡ ጥናቶች ዳፊ አልባ ሰዎች በቫይቫክስ መያዛቸውን አሳዩ። ማዳጋስካር ከደቡብ ምሥራቅ እስያና ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች የተቀላቀሉባት ደሴት ስለሆነች ነገሩ ከኢትዮጵያ ጋር መመሳሰሉ በአጋጣሚ አይመስልም። በ2013 ተመሳሳዩ ከኢትዮጵያ ተዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ ከተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ተደጋግሟል። በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ ያለው የተውሳክ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው። በማይክሮስኮፕ ወይም በፈጣን መመርመሪያ ሳይታይ ያልፍና በዘረ መል ምርመራ ብቻ ይገኛል። ስለዚህ ሰውየው ጤና ጣቢያ ሄዶ «ወባ የለብህም» ተብሎ ይመለሳል፤ ትንኝ ስትነድፈው ተውሳኩን ይዛ ልትሄድ መቻሏ ግን አልቀረም።

ታዲያ በየት ገባ? የመጀመሪያው ጥርጣሬ ተውሳኩ ራሱ ተለውጧል የሚል ነበር። ቫይቫክስ ዳፊን የሚይዝበት የራሱ ፕሮቲን አለው። በ2016 የታተመ ጥናት ዳፊ አልባ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን በተገኘ ቫይቫክስ ውስጥ የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል በአንዱ ሦስት፣ በሌላው ስምንት ቅጂ ሆኖ አገኘው። ተውሳኩ መያዣውን እያበዛ ነው ማለት ነው፤ ግን የሚይዘው ከሌለ ማብዛቱ ምን ይጠቅመዋል? ጥናቱ ፕሮቲኑ ዳፊ ከሌለው ቀይ ሕዋስ ጋር እንደማይጣበቅ ጭምር ስላሳየ ጥያቄው ይበልጥ ተወሳሰበ።

በ2023 የወጡ ሥራዎች ነገሩን ከሌላ በኩል አዩት። ሁሉም ሲመረምር የኖረው በጣት ደም ውስጥ የሚገኘውን ያደገ ቀይ ሕዋስ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ወደ መቅኒ ሄዱ። ዳፊ አልባ በሆኑ ሰዎች መቅኒ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያሉ ቀይ ሕዋሳት ለአጭር ጊዜ ጥቂት ዳፊ ያወጣሉ፤ አድገው ወደ ደም ሥር ሲወጡ ይጠፋል። ተውሳኩ የሚጠቀመው በዚያች አጭር ጊዜ ከሆነ በደም ውስጥ ጥቂት ሆኖ መታየቱ የሚጠበቅ ነው፤ ዋናው ሰፈሩ መቅኒው ነዋ። «ዳፊ አልባ» የሚለው ስያሜ ራሱ ከደም ሥር ውጪ እንደማይሠራ ታወቀ።

ይህ ለክትባት ሥራ ደስ የሚያሰኝ ዜና ሊሆን ይችላል። ቫይቫክስ በደም ውስጥ እንዳይራባ ይከለክላሉ ከተባሉት ክትባቶች ዋነኛው ያነጣጠረው ዳፊን በሚይዘው የተውሳኩ ፕሮቲን ላይ ነው። ተውሳኩ ዳፊ አልባውን በሌላ መንገድ የሚይዘው ቢሆን ክትባቱ ለእነዚህ ሰዎች አይረዳም ተብሎ ተሰግቶ ነበር። መንገዱ በመቅኒም ቢሆን ያው ዳፊ ከሆነ ስጋቱ ይቀላል። ይህን በሰው ላይ ለማረጋገጥ ግን ሁለቱም ዓይነት ሰዎችና ተውሳኩ አብረው የሚገኙበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ጅማን፣ ቦንጋን ወይም ጋምቤላን የመሰለ።

በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚታየው

የዚህ መላመድ ዋጋ ከወባ በጣም ርቆ፣ ቆላ ረግጦ በማያውቅ ሰው የደም ውጤት ላይ ሊወጣ ይችላል። ዳፊ አልባ ሰዎች በደማቸው ውስጥ የሚዘዋወረው ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ላቦራቶሪዎች በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ1,500 በታች ከሆነ ውጤቱ «ዝቅተኛ» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ዳፊ አልባው ሰው 1,200 ይዞ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላው ሰው በላቀ ሁኔታ ኢንፌክሽን አያጠቃውም። ሕዋሳቱ አልጎደሉም፤ ከደም ወጥተው በሌላው አካል ውስጥ ይበልጥ ይገኛሉ ተብሎ ይታሰባል። እስራኤል ውስጥ ይህ ዝቅተኛ ቁጥር በቤተ እስራኤልም በየመን አይሁድም ዘንድ ተመዝግቧል።

ምልክቱን ያየ፣ ምክንያቱን የማያውቅ ሐኪም ግን ወደ መቅኒ ምርመራ ሊልክ ይችላል። ካንሰር ያለበትን ሰው የኬሞቴራፒ መጠን ሊቀንስበት ወይም ቀጠሮውን ሊያዘገይበት ይችላል። ለከባድ የስኪዞፍሬኒያ ሕመም የሚሰጠው ክሎዛፒን የነጭ ሕዋስ ቁጥር በየጊዜው እየተለካ የሚወሰድ መድኃኒት ስለሆነ ቁጥሩ ከ2,000 በታች የሆነ ሰው እንዳይጀምር ይደረግ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2015 ይህን አሻሽሎ እንዲህ ያለ ተፈጥሯዊ ዝቅታ ላላቸው ሰዎች መነሻውን ወደ 1,000 ዝቅ አደረገ።

ማሻሻያው «የዘር» የሚል ስያሜ ባለው ዝቅታ ላይ መመሥረቱ ለኢትዮጵያውያን አይበቃም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ አንዱ ወንድም ዳፊ አልባ፣ ሌላው ዳፊ ያለው ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው 1,200 ቢገኝበት ተፈጥሮው ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ላይ ያው ቁጥር ቢታይ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ሁለቱም በአንድ ክሊኒክ ቅጽ ላይ «አፍሪካዊ» ተብለው ይመዘገባሉ። የሚለያቸው ምርመራ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ የደም ባንኮች ደም ለማጣጣም ሲሠሩበት የኖሩት የዳፊ ምርመራ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር፣ ውጤቱ ደጋግሞ «ዝቅተኛ» የሚባልበት ሰው ሐኪሙን ይህን ምርመራ እንዲያዝለት መጠየቅ ይችላል።